ዱባ ጥርስ ያላወጣበት አገር

ጥቅምት 21 ቀን ጎንደር ላይ "ዛሬ ምንድን ነው?" ብላችሁ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ "ማርያም ናት" ይላችኋል። ፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ብለው ሃሎዊንን የሚያከብሩበት ቀን በእኛ አቆጣጠር የሚያርፈው እዚችው ማርያም ላይ ነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቀን ሸርተት ብሎ ጥቅምት 20 ይውላል፤ በዓመቱ ግን ተመልሶ ማርያምን ይጠጋል። እንግዲህ ሃሎዊን ጎንደር ለመግባት ያለው ዕድል ገና ከቀኑ ተበላሽቷል። 44 ታቦት ባለበት ከተማ፣ በእመቤታችን ቀን፣ ያውም በጽጌ ጾም መካከል፣ የአጽም ልብስ ለብሶ የሰው በር የሚያንኳኳ ልጅ መጀመሪያ የሚቀርብለት ከረሜላ አይደለም፤ ጠበል ነው።

ጎንደር በዓል አይሆንላትም የሚል ካለ ጥር ላይ ይምጣና ይየው። ለጥምቀት የየሰፈሩ ወጣት አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍቶ ከየአቅጣጫው ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲጎርፍ፣ አልጋ ያጣ እንግዳ የማያውቀው ሰው ቤት መደብ ላይ ሲያድር፣ ከተማዋ በዓል ማክበር ማንም እንዲያስተምራት እንደማትፈልግ ይገባዋል። ስለዚህ ነገሩ የፌሽታ ፍቅር ማነስ አይደለም። አንዳንዱ በዓል አንድ አገር ላይ እንደ ሰደድ እሳት ሲይዝ ሌላው አገር ላይ ክብሪቱ የሚረጥበው ለምንድን ነው? እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ የአክስቴ ስልክ ነው። አክስቴን ቤተሰቡ ሁሉ "እታለም" ነው የሚላቸው። ተወልደው ያደጉት ወገራ፣ የሚኖሩት አዘዞ ነው። ልጃቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አለች። የሃሎዊን ዕለት በቪዲዮ ደውላ የስምንት ዓመት ልጇን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነጭ አጥንት በታተመበት ጥቁር ልብስ ጠቅልላ ስክሪኑ ፊት አቆመችው። እታለም መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

"በስመ አብ! ይሄ ምንድን ነው?"

"አጽም ነው እማዬ።"

"የማን?"

"የማንም አይደለም፤ ጨዋታ ነው።"

"የማንም ያልሆነ አጽም የለም ልጄ" አሉ እታለም፣ ለቅሶ ቤት በሚናገሩበት ድምፅ። "ለመሆኑ ትመግቡታላችሁ?"

ነገሩን ለማለዘብ ልጁ ዱባውን አመጣ። ዓይን፣ አፍንጫና የተንጋጠጠ ጥርስ ተቆርጦለት ሆዱ ውስጥ ሻማ የሚበራበት፣ ለአሥር ሰው የሚበቃ ትልቅ ዱባ ነው። እታለም አሁን በስመ አብ አላሉም። ፊታቸው እንደ ጓዳ ሰው ተለወጠ። "ሥጋውን ምን አደረጋችሁት?" ብለው ጠየቁ። "ጣልነው።" ዝም አሉ። "ፍሬውንስ?" ፍሬውም ተጥሏል። የዱባ ፍሬ ተቆልቶ የሚበላ፣ ተወቅጦም ለኮሶ መድኃኒት የሚሆን ነገር ነው። ጥቅምት ደግሞ ከክረምቱ የተረፈው ዱባ ከጓሮ ተለቅሞ ወጥ የሚሆንበት፣ የጾም ገበታ የሚያሞቅበት ወቅት ነው። "እዚያ አገር የኮሶ ትል የለም ማለት ነው" ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ያንን ከመሰለ ዱባ ውስጥ የወጣ ጥርስ አላስፈራቸውም፤ ብክነቱ ግን አስፈርቷቸዋል።

ዋናው ክርክር የመጣው ግን በመጨረሻ ነው። ልጁ የሰበሰበውን ከረሜላ ዘርግቶ አሳያቸው፤ ከረጢት ሙሉ ነው። ምን ብሎ እንዳገኘ ጠየቁት። ሦስት ቃል ብቻ እንደሚባል እናቱ ነገረቻቸው።

"አልዘፈነም?"

"አልዘፈነም።"

"አላወደሰም? አልመረቀም?"

"ሰጥተውት አመስግኖ ወደሚቀጥለው ቤት ነው የሚሄደው እማዬ።"

"እንዲያው በነፃ?" እታለም ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አደረጉት፤ ቪዲዮ መሆኑን ረስተውት ነው። "ይሄማ ልመና ነው!"

እታለምን ለመረዳት ቡሄን ማወቅ ያስፈልጋል። ወገራ ላይ ሐምሌ ሲጋመስ ጀምሮ ከየተረተሩ የጅራፍ ድምፅ ይሰማል። ከቃጫ ወይም ከልጥ የተገመደ ጅራፍ የያዘ እረኛ እጁን ከራሱ በላይ አዙሮ፣ አዙሮ፣ ድንገት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ድምፁ ከማዶ ያለውን ከብት ቀና ያደርገዋል። ካህናቱ ይህ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማው ነጎድጓድ ምሳሌ ነው ይላሉ። እረኛው ምሳሌነቱን አይክድም፤ ዋናው ጉዳዩ ግን የእሱ ጅራፍ ከማዶ ሰፈሩ ልጅ ጅራፍ በላይ መጮሁ ነው። ነሐሴ 12 ማታ ችቦ ይበራል። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ሙልሙል ይጋገራል፤ የክርስትና እናት ለክርስትና ልጇ ድርሻውን ታስቀምጣለች። ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ልጆቹ ግን ዱላቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ነፃ የሚባል ነገር የለም። አንድ አውራጅ አለ፤ ድምፁ የጎረነነ፣ ምላሱ የሾለ፣ ብዙ ጊዜ በትምህርት ሰነፍ የሚባለው ልጅ። ሌሎቹ ዱላቸውን መሬት እየደለቁ ይቀበሉታል። አውራጁ በሩ ላይ ቆሞ የቤቱን ሰው አይቶ፣ ግቢውን ቃኝቶ፣ እዚያው ግጥም ያወጣል። በባጃጅ የሚተዳደረውን ሰውዬ የሰጋር በቅሎ ጌታ ያደርገዋል። ባልና ሚስት ማታ ተጣልተው ያደሩ ከሆነ (ሰፈር የማያውቀው ጠብ የለምና) የሴትዮዋን ቁንጅና ባሏ እስኪያፍር ድረስ ያወድሳል። ሙልሙሉ ቶሎ ከወጣ ምርቃቱ ይንዠቀዠቃል። ከዘገየ ዜማው ሳይለወጥ ቃሉ ይለወጣል፤ የበቅሎው ጌታ በሦስት ስንኝ ስስታም ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ያውም ጎረቤት እየሰማ። አሜሪካዊው ልጅ "ካልሰጣችሁኝ ተንኮል እሠራለሁ" ብሎ ያስፈራራል እንጂ ተንኮሉን ከነጭራሹ ረስቶታል። የእኛው ልጅ ሳያስፈራራ ይሠራታል። ሙልሙሉ ደግሞ ዱቄትና ውኃ ነው፤ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ቢውልም ማንንም አያስገድፍም። የሲልቨር ስፕሪንጉ ቸኮሌት ግን ወተት አለበት፤ እታለም ይህንንም በኋላ ጠይቀው አረጋግጠዋል።

ይኸው ቡሄም ቢሆን በሁሉ ቦታ እኩል አይደምቅም። ደብረ ታቦር ከተማ ስሟ ራሱ የበዓሉ ስም ስለሆነ ቡሄን እንደ ልደት ቀኗ ነው የምታየው፤ ከዚያ የመጣ ሰው ፊት "የእኛ ሰፈር ቡሄ" ብሎ መመካት ለአቡን መስቀል እንደማሳለም ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ሙልሙሉ ወደ ብር ተለውጧል። ልጆቹ የትኛው ሰፈር ጥሩ እንደሚከፍል ያውቃሉ፤ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ግን ጥበቃው ይመልሳቸዋል። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሆያ ሆዬ የሚደርሰው በቴሌቪዥን ነው። ከጎንደር ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነሐሴ እንዲያውም ከወንዶቹ ይልቅ የልጃገረዶቹ ወር ነው። ዋግ ኽምራ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ እያለች ቅጠሉን ወገቧ ላይ ታስራለች። አንድ ተራራ በተሻገራችሁ ቁጥር ስሙም ድምቀቱም ይለወጣል። የሰቆጣ ልጅ ጎንደር መጥታ "ሻደያችሁ የታለ?" ብላ ስትቆጣ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሃሎዊንም ቢሆን እንዲህ ነው የተጓዘው፤ መጀመሪያ ዱባ እንኳ አልነበረውም። አየርላንዶችና ስኮትላንዶች በመከር ማብቂያ ሌሊት ይቀርጹት የነበረው ቀይ ሥር የሚመስል ጠንካራ ሥራ ሥር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ድንች በሽታ መትቶባቸው በረሃብ ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ እዚያ ዱባ አገኙ። ዱባ ትልቅ ነው፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ለቢላ ይታዘዛል። በዓሉም በዚያው አሜሪካዊ ሆነና ቀረ። እኛስ? ዱባ የእኛም ትውልድ አይደለም፤ እሱም ከበርበሬ ጋር ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጣ ዘር ነው። ጎንደር ዱባውን ተቀብላ ከበርበሬው ጋር አንድ ድስት ውስጥ ዳረቻቸው፤ ጥርስ ልታወጣለት ግን አልፈለገችም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ያሉት አባቶች ሃሎዊንን ሰምተውት አያውቁም፤ ተረቱ ግን እሱንም አልሳተውም።

እታለምን የሚያጽናና አንድ ነገር አለ። ስኮትላንድ ውስጥ በጥንቱ ወግ ልጅ እንዲያው አይሰጠውም። ጭንብሉን እንዳጠለቀ ይዘፍናል፣ ግጥም ይላል፣ ካልሆነለት ቀልድ ያወራል፤ ዋጋውን ሠርቶ ነው የሚወስደው። ይህን ስነግራቸው "እነሱ ሰዎች ናቸው" አሉ። ለስኮትላንድ ከአዘዞ የተሰጠ የመጀመሪያው ምስጋና ይመስለኛል።

ሌላው ዓለም ላይ ሃሎዊን የሚይዝበትና የሚከሽፍበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከመናፍስት ይልቅ ከነጋዴ ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲነሳ ካርኒቫል ተሰረዘ፤ የካርኒቫል ልብስና መጫወቻ የሚያመርተው ዘርፍ ኪሳራውን የሚያካክስበት ሌላ ቀን ሲፈልግ ሃሎዊንን አገኘ። ሜክሲኮዎች የሙታን ቀናቸውን በየመቃብሩ አበባና ምግብ ይዘው ሲያከብሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም ግን መክፈቻው ላይ የሌለ ትልቅ ሰልፍ ፈጥሮ አሳየ፤ ቱሪስቱ ያንን ሰልፍ ብሎ መጥቶ እንዳያጣው የሜክሲኮ ከተማ አስተዳደር በዓመቱ እውነተኛ ሰልፍ አወጣ። ውሸቱ ቀድሞ፣ ወጉ ተከተለ። ሪያድ እ.ኤ.አ. በ2022 ጭራቅ ለብሰው የመጡ ወጣቶችን አስተናገደች፤ በዓሉን በስሙ ሳትጠራው። ቶኪዮ ውስጥ የሺቡያ ከንቲባ እ.ኤ.አ. በ2023 ለሃሎዊን ብላችሁ ወደ ወረዳዬ አትምጡ ብለው ለመኑ። አውስትራሊያ ላይ ደግሞ ጥቅምት ጸደይ ነው፤ በሚፈካ አበባ መካከል የመከርና የጨለማ በዓል ማክበር እዚያም ቅር የሚለው አልጠፋም።

ወደ ጎንደር ልመለስና፣ ለእኔ ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ሰው መጫወቻ የሚያደርገው ያረጀበትን፣ የወጣለትን ፍርሃት ነው። እዚህ ብዙው ገና አልወጣልንም። ማታ አራት ሰዓት ላይ ከሳሙና በር ወደ ላይ በእግሩ የሚወጣ ሰው ሰው ሠራሽ ጭራቅ አያስፈልገውም፤ ጅቡ እውነተኛ ነው፣ ድምፁም ከቅርብ ነው የሚመጣው። ልጅ አልተኛ ሲል "አያ ጅቦ መጣልህ" የሚባለው ተረት ብቻ አይደለም፤ አድራሻ ያለው ማስፈራሪያ ነው። መንፈስ ለማየትም ልብስ አከራይ ቤት መሄድ አያሻም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር መጥቶ ወራት የቆየው፣ ባለ ዛሯ መልካም አየሁ ቤት እየተመላለሰ ማስታወሻውን የሞላው ለዚህ ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ ዛርን ከቲያትር አንጻር የሚያይ ነው። እንዳለውም ዛር የራሱ ድምፅ፣ የራሱ ልብስና ሽቶ፣ የሚመርጠው የዶሮ ቀለም አለው፤ ሴትዮዋ ጄኔራል ትሆናለች፣ እንግዳ አገር ሰው ትሆናለች፣ ትፎክራለች። ልዩነቱ አንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጅ ልብሱን አውልቆ ይተኛል፤ ዛር ግን የፈረሱን (ያደረበትን ሰው) ልብስ እንጂ ፈረሱን አይለቅም።

የማያስቀው ክፍል ደግሞ ቡዳ ነው። እዚያ ልጁ አንድ ማታ ጠንቋይ ይሆናል፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ይገባል። እዚህ ሰው ጭራቅ ለመሆን ምንም መልበስ አላስፈለገውም፤ ብረት መቀጥቀጥ ወይም ሸክላ መሥራት በቂ ነበር። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ለዚህ ምስክር ናት። የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የማረሻውን ብረትና የቡናውን ጀበና ለጎረቤት እያቀረቡ፣ ያው ጎረቤት ማታ ጅብ ይሆናሉ ይላቸው ነበር። ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ ታሪክ ከአያት ለልጅ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ጉትቻውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን ሁልጊዜ የተራኪው ጎረቤት እንጂ ተራኪው አይደለም። አብዛኞቹ ከ1970ዎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ ወለቃ ላይ መንገዱን ተከትለው የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ፤ ቱሪስቱ እየሳቀ ይገዛል። እኔ በበኩሌ ጎንደር ውስጥ ልጆች በቡዳ ልብስ የሚጫወቱበትን ቀን ቶሎ ለማየት አልቸኩልም፤ ጨዋታው ገና የሰው ስም አለበት።

አዲስ አበባ ወጣ ያለች ናት። ቦሌ አካባቢ ያሉ ክለቦች በዚያ ሰሞን የሸረሪት ድር ይሰቅላሉ፤ የውጭ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ያስለብሳሉ። በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ግማሹ አገር ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ይቆጣል፣ ግማሹ ምን አገባችሁ ይላል፤ ኅዳር 12 ሲደርስ ሁለቱም ወገኖች የግቢያቸውን ቆሻሻ ሰብስበው ያቃጥላሉ። ኅዳር ሲታጠን ይባላል፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን የፈጀበት መታሰቢያ ነው። በአንድ ማታ መዲናዋ በጭስ ተሸፍና እርስ በርስ መተያየት ያቅታል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ማታ ለማምጣት ፈረንጅ ምን ያህል የሸረሪት ድር ይበቃዋል?

ሃሎዊን ጎንደር ምንም አልሸጠም ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ካስጫነው የፕላስቲክ ዕቃ ጋር ያላዘዘው ካርቶን ደረሰው። ሲከፍተው የላስቲክ ፊቶች ናቸው፤ አንዱ ደም የሚያንጠባጥብ፣ አንዱ ዓይኑ የወጣ፣ አንዱ ደግሞ አረንጓዴ። ጥቅምት መግቢያ ላይ መደርደሪያው ፊት ሰቀላቸው። ልጆች ቆመው አዩ፤ እናቶች ጎትተው ወሰዷቸው። አንድ ቄስ ወደ ሱቁ ሊገቡ ብለው ቀና ሲሉ ከአረንጓዴው ጋር ተፋጠጡ፤ አማትበው ስኳሩን ከማዶ ገዙ።

በቅዳሜ ገበያ ቀን ከዳባት በላይ የመጡ አንድ ገበሬ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። ባትሪ ድንጋይ ፈልገው ነበር። ፊቶቹን ሲያዩ ግን ባትሪውን ረሱት፤ ደም የሚያንጠባጥበውን አውርደው አገላብጠው አዩት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይሄ ዝናም ይችላል?"

"ላስቲክ ነው አባባ፣ ምን ይሆናል ብለው?"

"ስንት ነው?"

ወዳጄ ለማን እንደሚገዙት ጠየቃቸው። ለማንም አይደለም፤ ገብሳቸው ደርሷል፣ ዝንጀሮው ግን ቀድሞ ሊያጭደው ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ጠባቂ የለም። እንጨት ላይ ሰክተው፣ አሮጌ ካፖርት አልብሰው ማሳው ዳር ሊያቆሙት ነው። ሁለት ገዙ፤ በሁለቱም ተከራክረው አስቀነሱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ወዳጄ ሊያመሰግኑት መስሎት ወንበር አቀረበ። ገበሬው አልተቀመጡም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መንጋው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰልፎ ማየት እንጂ መጠጋት አልደፈረም ነበር አሉ። ቀጥሎ አውራው ብቻውን መጣና ከደመኛው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ሲያየው ዋለ። ከትናንት ወዲያ ካፖርቱን ትከሻ ላይ ወጥቶ ገብሱን ይበላ ነበር።

"ለምደውታል" አሉ፣ አረንጓዴውን ቀና ብለው እያዩ። "ሌላ ፊት የለህም?"